«ያለ ቀኗ የተወለደች ልጅ ላሳድግ ነው፣ ምን ይጠብቀኛል?» ላልሽኝ

ደብዳቤው ረዘም ያለ ነበር፣ አሳጥሬዋለሁ።

«እትዬ እንደምን ከረሙ። ምኖረው ደብረ ማርቆስ አካባቢ ነው፣ 36 ዓመቴ ነው፣ ትዳር ከያዝኩ ቆየሁ ልጅ ግን አልሰጠንም። የባለቤቴ የእህት ልጅ፣ ገና 19 ዓመቷ ነው፣ ጥቅምት 12 በ31 ሳምንቷ ሴት ልጅ ወለደች። ስትወለድ 1 ኪሎ ከ400 ግራም ነበረች፣ አሁን ወር ልትደፍን ነው፣ እስካሁን ሆስፒታል ሙቀት ክፍል ናት፣ 1 ኪሎ ከ700 ገብታለች አሉን። አባትየው ስልኩን ዘግቶ ጠፍቷል። ወላጇ እናንተ አሳድጉልኝ እኔ ትምህርቴን ልጨርስ ትላለች፣ ባለቤቴ ደስታውን አልቻለውም፣ የኔም ልቤ ፈቅዷል ግን ፈራሁ። አማቴ ስምንት ወር የረገጠ ልጅ አይበረክትም፣ ለለቅሶ ነው ምትወስጃት ይሉኛል። ጎረቤቴ ደግሞ እንዲህ ያሉ ልጆች አእምሯቸው ወደኋላ ይቀራል አለችኝ። ክርስትናዋስ በቀኑ ይሆናል? ወረቀቱስ? እስኪ ምን እንደሚጠብቀኝ ይንገሩኝ።»

እህቴ፣ መጀመሪያ አማትሽን እንመልስላቸው፣ አለዚያ እኔ ምለውን ስታነቢ ጆሮሽ ላይ እሳቸው ናቸው ሚያወሩት። የሰባት ወር ልጅ ይኖራል የስምንት ወር አይኖርም ሚባለው ነገር ስንት ዘመን ሲባል የኖረ ነው ግን እውነቱ ተቃራኒው ነው፣ ልጅ ማህፀን ውስጥ በቆየ ቁጥር እያንዳንዷ ሳምንት ትጠቅመዋለች፣ 33 ሳምንት ከ31 ይሻላል፣ 35 ደግሞ ከ33 ይሻላል፣ አለቀ። ደሞ እኮ 31 ሳምንት ማለት ሰባት ወር ካለፈ ትንሽ ነው፣ ስለዚህ በእሳቸው ቆጠራ እንኳ ብንሄድ ትንሿ ከሚኖሩት ወገን ናት ማለት ነው፣ ይሄንን ቡና ላይ እየሳቅሽ ንገሪያቸው፣ ጠብ እንዳታደርጊው። ያለ ቀኑ ተወለደ ሚባለው 37 ሳምንት ሳይሞላው የተወለደ ሁሉ ነው፣ በዓለም ላይ ከ10 ሕፃን አንዱ ገደማ እንዲህ ይወለዳል፣ በአውሮፓውያኑ 2020 ብቻ 13.4 ሚሊዮን ገደማ ነበሩ፣ እና የእናንተ ልጅ የእርግማን ምልክት ምናምን አይደለችም። ለእንዲህ ያለ ልጅ ከሁሉም ከባዱ የመጀመሪያዎቹ ቀናትና የመጀመሪያው ሳምንት ነው፣ እሷ ያንን አልፋ፣ መጀመሪያ ላይ ሁሉም እንደሚቀንሱት ቀንሳ ከዛ መልሳ 300 ግራም ጨምራ ወር ልትደፍን ነው። ምንም አይነካትም ብዬ አልዋሽሽም፣ የመጀመሪያው ዓመት ጥንቃቄ ይፈልጋል፣ ግን ለለቅሶ ነው ሚለውን እዚሁ ጣይው።

አሁን ከምልሽ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ትይዣለሽ ብባል ይሄንን ነው ምመርጠው። ይቺ ልጅ ሁለት ልደት አላት። አንዱ ጥቅምት 12፣ የተወለደችበት። ሌላው ደግሞ መወለድ የነበረባት ቀን ነው፣ ከ40 ሳምንት 31 ሲቀነስ 9 ይቀራል፣ ከጥቅምት 12 ዘጠኝ ሳምንት ስትቆጥሪ ታኅሣሥ 15 ይመጣል። ሁለቱንም ቀን የክትባት ካርዷ ጀርባ ላይ ጻፊው ምክንያቱም ግማሹ ነገር በአንዱ ግማሹ በሌላው ነው ሚቆጠረው። ክትባት በጥቅምት 12 ነው፣ የስድስት ሳምንቱ ክትባት ኅዳር 24 ይደርሳል፣ ትንሽ ናት ትጠንክር ተብሎ አይቆይም፣ እንዲያውም ለእንደሷ ያለች ነው ይበልጥ ሚያስፈልጋት፣ ሆስፒታል ብትሆንም እዛው መስጠት ይቻላል ጠይቂ። እድገቷ ግን በታኅሣሥ 15 ነው፣ መሳቋ፣ አንገቷን መቻሏ፣ መቀመጧ፣ መሄዷ። ሚያዝያ 12 ላይ ስድስት ወር ሞላት ብላችሁ ስታከብሩ በእድገት ገና የአራት ወር ልጅ ናት፣ እና የጎረቤት የስድስት ወር ልጅ ደገፍ ሲሉት ሲቀመጥ እሷ ስትዘም አይተሽ እንዳትደነግጪ፣ ከአራት ወር ልጅ ጋር ነው ምታወዳድሪያት። ሁለት ዓመት እስኪሆናት ድረስ እንዲህ ነው ሚቆጠረው። የጎረቤትሽ «ወደኋላ ይቀራሉ» ከሚለው ወሬ ብዙው እኮ የዚህ የቆጠራ ስህተት ነው፣ ልጁ ሳይዘገይ ዘገየ ይሉታል። አንድ ነገር ግን አጣሪ፣ 31 ሳምንት ያሏት በምን አውቀው ነው? በጊዜ የተነሳችው አልትራሳውንድ ካለ ጥሩ ነው፣ ከተወለደች በኋላ ቆዳዋን ጆሮዋን እግሯን አይተው የገመቱት ከሆነ ግን ወደ ሁለት ሳምንት ወዲያና ወዲህ ሊል ይችላል፣ ይሄ ደግሞ የታኅሣሡን ቀን ያንቀሳቅሰዋል።

በዚህ ሳምንት ሆስፒታል ሂጂ፣ ግን ብቻሽን አይደለም፣ ወላጇን ይዘሽ። በሕግ እናቷ እስካሁን እሷ ናት፣ ዶክተሩም እሷ ሳትፈቅድ የልጅቷን ነገር ላንቺ ዘርዝሮ መናገር የለበትም። ተቀምጣችሁ ጠይቁ፣ ደብተር ይዘሽ ጻፊ፣ እንዳያፍርሽ፣ ሲስተሮቹ ሲቸኩሉ ብታይም ጠይቂ። ኦክስጅን ስንት ቀን ተሰጣት፣ ሲፓፕ ሚባለው በአፍንጫ በኩል አየር በግፊት ሚሰጥ ማሽን ላይ ነበረች ወይ፣ ትንፋሿ ይቋረጥ ነበር ወይ፣ ከነበረ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ ነው፣ ኢንፌክሽን ብለው ምን መርፌ ሰጧት፣ ቢጫ ሆና መብራት ውስጥ ገብታ ነበር ወይ፣ ደም ወስዳለች ወይ፣ በእርግብግቢቷ በኩል የጭንቅላት አልትራሳውንድ ተነስታ ከሆነ ምን ታየ። የወላጇ የኤችአይቪ፣ የጉበት ቫይረስና የቂጥኝ ምርመራ በእርግዝናው ተሠርቶ ከሆነ ውጤቱ ለልጅቷ ሕክምና ይጠቅማል፣ ይሄ ለማማት አይደለም። ቢሲጂ ሚባለው የቲቢ ክትባት አንዳንዴ በኪሎ ማነስ ይቆያል፣ ተሰጣት ወይስ አልተሰጣትም እሱንም ጠይቂ። የአይረን ማለትም የብረት ጠብታና ቫይታሚን ዲ መቼ እንደምትጀምር ይንገሩሽ፣ ብረትን ልጅ ከእናቱ ሚያጠራቅመው በመጨረሻዎቹ ወራት ነው፣ እሷ ደግሞ እነዛን ወራት አላገኘቻቸውም።

ከዚህ ሁሉ ግን ማይቆየው ዓይኗ ነው። ከ1 ኪሎ ከ500 በታች የተወለደ፣ በተለይ ኦክስጅን የወሰደ ልጅ፣ ዓይኑ ውስጥ ከኋላ ያሉት ደም ሥሮች ተጣመው ሊያድጉ ይችላሉ፣ ከውጭ ምንም አይታይም፣ ልጅቷም አታለቅስም፣ ግን በጊዜው ካልታየና ካልታከመ ዓይነ ስውርነት ያመጣል። ምርመራው ሚደረገው ከተወለደች በአራተኛው ሳምንት አካባቢ ነው፣ አሁን ማለት ነው እህቴ! የሕፃናት ዓይን ሚያይ ሐኪም እዛው ከሌለ ወዴት እንደሚልኳችሁ ጠይቁ፣ ባሕር ዳርም ይሁን አዲስ አበባ የመኪናውን ብር አትቁጠሪው። አንዴ ታይታ ደህና ናት ቢሏችሁም እስኪጨርሱ ድረስ ተመለሱ ያሏችሁን ቀን አትዝለሉ። ጆሮዋንም በኋላ አስመርምሪ፣ እዛ ክፍል ብዙ ጊዜ ሚሰጠው ጄንታማይሲን ሚባለው መርፌ አንዳንዴ መስማትን ይነካል።

ቀጥሎ ወደምፈራው ጉዳይ ልምጣ፣ ወተት። ደብዳቤሽ ውስጥ ስለ ፎርሙላ ዋጋ ጠይቀሻል ግን የወላጇ ጡት ምን እንደሆነ አንድ ቃል አልጻፍሽም። ያለ ቀኑ ለተወለደ ልጅ የወላጁ ወተት መድኃኒት ነው ብል አላጋነንኩም፣ አንጀታቸው ሚቆስልበት ለሞት ሚያደርስ በሽታ አለ፣ የእናት ወተት ያንን ይቀንሳል፣ ያለ ቀኗ የወለደች እናት ወተት ደግሞ መጀመሪያ አካባቢ ፕሮቲኑ በዛ ያለ ነው። እና በየቤቱ ምሰማው ነገር አለ፣ «ካጠባች ትወዳታለች፣ ከወደደቻት ሐሳቧን ትቀይራለች፣ ስለዚህ ጡቷን ትሰር» ሚባል። ኧረ ተዉ! በመጀመሪያ ሕፃኗ አሁን ወተቱን ትፈልገዋለች። ሁለተኛ ደግሞ ሐሳቧን ምትቀይር ከሆነ አሁን ትቀይር፣ ልጅቷ ሁለት ዓመት ሞልቷት እማዬ ስትልሽ መጥታ ከምትወስዳት። የ19 ዓመት ልጅ ናት፣ ወር እንኳ ሳይሞላት፣ የተዋት ሰው ስልኩን ዘግቶባት፣ አራስ ሆና ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ተቀምጣ የሰጠችው ቃል ቃል ነው ብለሽ አትያዥው። አጥሚት ይዘሽ ሂጂላት፣ አጠገቧ ተኚ፣ ወተቷን እየጨመቀች በስኒ ትስጥ፣ በቀን ስምንት ጊዜና ከዚያ በላይ ሌሊትም ጭምር፣ ወተቷ ቀንሶ ከሆነም ልጅቷን ደረቷ ላይ እያስተኛች ብትጨምቅ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል። ከሦስት ወር በኋላም እንዲሁ ካለችሽ ያኔ ልብሽን ጣይባት። ከዛም በኋላ ቢሆን እሷ የአክስቷ ልጅ ምናምን ሆና ቤታችሁ ትገባለች ትወጣለች፣ ጠላት አታድርጊያት።

የጡቱ ነገር ካልሆነ ዶክተሩ ያዘዘልሽን ፎርሙላ ነው፣ ለእንደሷ ያሉት ሚሆን ለብቻው አለ፣ ካልተገኘ ምን እንደሚተካው እሱ ይንገርሽ። ለማብቃቃት ብለሽ ውሃ አታብዢበት፣ ለማወፈር ብለሽም ዱቄት አታብዢ፣ ውሃው ይፍላ፣ ከጡጦ ይልቅ በትንሽ ስኒ መስጠት ይሻላል፣ ሲስተሮቹ ያሳዩሻል፣ ጡጦ ለማጠብ አስቸጋሪ ነው ጀርም ይይዛል። የላም ወተት እስከ ዓመቷ አይሆንም፣ በውሃ ቀጥኖም አይሆንም። አንቺ ራስሽ ሳትወልጂ ወተት ማምጣት ይቻላል ወይ ብለሻል፣ ይቻላል፣ ልጅቷን ደጋግሞ ጡት ላይ በማድረግና በማለብ አንዳንድ ሴት ይመጣላታል፣ ግን ብዙ ጊዜ ለብቻው አይበቃም፣ ሞክሪው፣ ካልመጣ ግን እንዳታዝኚ።

ወደ ካንጋሮ እንሂድ፣ ልጅን ደረት ላይ አስሮ ማሞቅ ማለት ነው፣ ይሄኛው ላንቺ ነው። ኮሎምቢያ ቦጎታ ውስጥ በአውሮፓውያኑ 1978 ገደማ ማሞቂያ አልበቃ ያላቸው ሐኪሞች ሕፃናቱን እናታቸው ደረት ላይ አስረው ማሞቅ ጀመሩ፣ ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅት ማሽን ባለበትም ቢሆን ይደረግ ይላል፣ በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት። ዳይፐር፣ ኮፍያና ካልሲ ብቻ አድርጋ ራቁቷን በጡቶችሽ መካከል ቀጥ አድርገሽ ታስተኛታለሽ፣ እግሯ እንደ እንቁራሪት ተጣጥፎ፣ ፊቷ ወደ ጎን ዞሮ አገጯ ደረቷ ላይ ሳይቀበር፣ ከዛ በነጠላ አጥብቀሽ ታስሪና ከላይ ጋቢ ትደርቢያለሽ። ሰውነትሽ ያሞቃታል፣ ትንፋሿ ይስተካከላል፣ ትጨምራለች፣ የልብሽንም ምት ታውቀዋለች። የወለደ ብቻ ነው ሚያሞቀው ሚል ሕግ የለም፣ ባለቤትሽም ሸሚዙን ያውልቅና ይያዛት፣ ወንድ አራስ ቤት ምን ይሠራል ሚሉትን አልሰማሁም ይበል። ዛሬውኑ ከወላጇ ጋር ተነጋግራችሁ ሆስፒታል እያለች ጀምሪ፣ እየተፈራረቃችሁ። ይቺ ልጅ እስካሁን የሰው እጅ ስታገኛት አብዛኛውን ጊዜ ለመርፌና ለቱቦ ነው፣ ስትነኪያት ብትደነግጥ ወይ ፊቷን ብታዞር ጠላችኝ አትበይ፣ እጅ መልካም ነገር እንደሆነ ቀስ ብላ ትለምዳለች። አንቀልባ ግን ቆይ፣ አንገቷ ሳይጸና ጀርባ ላይ አትታዘልም።

ቤት ስትገባ ምን ትመስላለች ላልሽው፣ ጠባይዋ መጀመሪያ ያታልልሻል። ትተኛለች፣ ትተኛለች፣ አታለቅስም፣ «አቤት ጨዋ ልጅ» ትባላለች፣ ለመብላት እንኳ አንቺ ነሽ በየሁለት ሦስት ሰዓቱ ምትቀሰቅሻት፣ ግማሹን ጠጥታ ደክሟት ታሸልባለች፣ እግሯን እየነካካሽ ታስጨርሻታለሽ። ከዛ ታኅሣሥ 15 ሲደርስና ሲያልፍ እንደ አዲስ የተወለደች ያህል ትነቃና ለቅሶው ይጀምራል፣ በተለይ ወደ ማታ፣ ያኔ ጎረቤት «ምን ነካት ሰው አየባት እንዴ» ይላል፣ ምንም አልነካትም፣ ጊዜዋ ደርሶ ነው። ስትተኛ ታጉረመርማለች፣ ታቃስታለች፣ ትንጠራራለች፣ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ ምታሳጣሽ እሷ ሳትሆን ድምጿ ነው። ጭንቅላቷ ከጎን ጠበብ ብሎ ረዘም ሊል ይችላል፣ ጀርባዋ ላይ ስስ ፀጉር ሊኖር ይችላል፣ ሁሉም ይስተካከላል። ድምፅ ሲበዛባት፣ ሰው ሲቀባበላት፣ መብራት ሲያጥበረብራት ስቅ ይላታል፣ ታስነጥሳለች፣ ጣቶቿን ትዘረጋለች፣ ዓይኗን ትሰብራለች፣ ያ «በቃኝ» ማለቷ ነው፣ ወደ ጭር ያለ ክፍል ውሰጃት።

የናንተ አገር ብርድ ደግሞ አለ። ኅዳርና ታኅሣሥ ከጮቄ ሚመጣውን ውርጭ አንቺ ታውቂዋለሽ እኔ አልነግርሽም። ብርድ ለእሷ ኪሎ ነው፣ ለማሞቅ ስትታገል የበላችውን ታቃጥለዋለች። ግን ከሰል አንድዳችሁ በሩን ዘግታችሁ እንዳትተኙ! እሱ እሷን ብቻ ሳይሆን ሦስታችሁንም ነው ሚጨርሳችሁ። ደረትሽ ይበቃል፣ ኮፍያ ይበቃል፣ ስትተኛ ለብቻዋ ከሆነ በጀርባዋ፣ ፊቷ ላይ ጋቢ ሳይወርድ። ሆስፒታል በሆዷ ሲያስተኟት አይተሽ ይሆናል፣ እዛ እየተጠበቀች ነው፣ ቤት ግን በጀርባ ነው። የማገዶ ጭስ ያለበት ቤት አትዋል፣ ቡና ሲፈላም ዕጣኑ ሌላ ክፍል ይሁን። ጥየቃ ሚመጣው ሰው እጁን ይታጠብ፣ አይሳማት፣ ጉንፋን የያዘው ከበር ይመለስ፣ ቅር ይበለው፣ ላንቺ ጉንፋን የሆነው ለእሷ ኦክስጅን ሚያስፈልገው ሕመም ሊሆን ይችላል። ቅቤ ማላስ፣ አብሽ ማጠጣት፣ እንጥል ማስቆረጥ፣ ግግ ማስነቀል፣ እነዚህን ሚሉሽ ይመጣሉ፣ ከአማትሽ ጋር በሌላው ሁሉ ተስማሚ በዚህ ግን ንቅንቅ እንዳትይ። ደም ሊፈሳት ይችላል፣ ኢንፌክሽን ሊገባ ይችላል፣ እንኳን ለሁለት ኪሎ ልጅ ለጤነኛውም አደጋ ነው። ባይሆን ባለቤትሽ ራሱ ለእናቱ ይንገራቸው፣ ያንቺ ድርሻ አይደለም።

የአእምሮውን ጥያቄ ቅድም በግማሽ ነው የመለስኩት። በ31 ሳምንት ከተወለዱት አብዛኞቹ ደህና ሆነው ያድጋሉ፣ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ ይራገጣሉ። ግን ቀኑን ጠብቆ ከተወለደው ይልቅ የጡንቻ መጠንከር፣ የመራመድ፣ የንግግርና ትምህርት የመቀበል ችግር በእነሱ ላይ በዛ ይላል፣ ይሄንን አውቀሽ ግቢበት። ምልክቱን በታኅሣሡ ልደት እየቆጠርሽ ተከታተይ፣ በሁለት ወሯ ፊትሽን አይታ ካልሳቀች፣ በአራት ወሯ አንገቷን ካልቻለች፣ እግሯ እንደ መቀስ እየተቆላለፈ ሚገትር ከሆነ፣ ገና ዓመት ሳይሞላት አንድ እጇን ብቻ ምትጠቀም ከሆነ፣ ድምፅ ስትሰማ ካልዞረች፣ ጠብቂ ቢሉሽም አትጠብቂ ለሐኪም አሳዪያት፣ በጊዜ የተጀመረ ፊዚዮቴራፒ ብዙ ነገር ይለውጣል። አሁን ላይ ሆኖ ግን እንዲህ ትሆናለች እንዲያ አትሆንም ብሎ ሚነግርሽ ዶክተር የለም፣ ካለም አትመኚው። ይሄን እርግጠኛ አለመሆን ይዘሽ መኖር ትችያለሽ ወይ፣ ጥያቄው እሱ ነው፣ ባለቤትሽም ለየብቻው ይጠየቅ፣ ልጅቷ ብትታመም ብታነክስም ልጄ ናት ይላል ወይ? የሚል ከሆነ እኔ ውሰዷት ነው ምለው።

ሌላ ደግሞ ማንም ማይልሽን ልበልሽ። የወለደች ሴት «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ትባላለች፣ ገንፎ ይገነፋላታል፣ ጎረቤት ውሃ ይቀዳላታል፣ እስክትነሳ ትታረሳለች። አንቺን ማንም አያርስሽም። ምጥ የለብሽም ተብሎ በሦስተኛው ቀን እንጀራ ጋግሪ ትባያለሽ፣ ሌሊት ግን በየሁለት ሰዓቱ ተነስተሽ ቀን ሙሉ ሁለት ኪሎ ልጅ ደረትሽ ላይ አስረሽ ነው። ስለዚህ ከአሁኑ እህትሽን ወይ እናትሽን አምጫት፣ ቢያንስ ለመጀመሪያው ወርና ሁለት ወር፣ ባለቤትሽ ማገዶውንና ገበያውን ይያዝ፣ አራስ ነኝ በይ፣ ሰው ይሳቅ። ፍቅሩም ቶሎ ካልመጣ ምን ሆንኩ እንዳትይ፣ መጀመሪያ ሚመጣው ፍርሃት ነው፣ እስትንፋሷን ስታዳምጪ ታድሪያለሽ፣ ለብዙ ሰው ፍቅሩ ከዛ በኋላ ነው ቀስ ብሎ ሚገባው። ሳምንታት አልፈው እንባ እንባ ካለሽ፣ ምግብ ካስጠላሽ፣ ከልጅቷ ጋር መሆን ካስፈራሽ ግን ጤና ጣቢያ ሂጂና ተናገሪ፣ ሳይወልዱም ይይዛል።

ክርስትናዋ። ሴት ናት፣ 80 ቀኗ ከጥቅምት 12 ሲቆጠር ጥር መግቢያ ላይ ነው፣ ያኔ ከታኅሣሡ ቀን ሁለት ሳምንት አልፋለች፣ ደህና ኪሎ ላይ ከሆነችና ዶክተሯ ካልከለከለ በቀኑ ይሁን። ንስሐ አባታችሁን ግን አስቀድመሽ አነጋግሪ፣ የጥር ጠዋት ብርድና ቀዝቃዛ ውሃ ነው፣ ያለ ቀኗ መወለዷን ይወቁት፣ ወዲያው ሚያደርቃት ፎጣ፣ ኮፍያና ያንቺ ደረት እዛው ይጠብቃት፣ ድግሱን አሳንሱት ወይ ለፋሲካ አቆዩት። ከቀኑ በፊት ብትታመም ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ለሚያሰጋው ልጅ ቀን አትጠብቅም፣ ይሄንንም ከእሳቸው ጋር ተነጋገሪ።

ቴርሞሜትር ግዢ፣ ሌሊት ሚነሳ ባጃጅ ስልክም ያዢ። መጥባት እምቢ ካለች፣ ካልነኳት በስተቀር ማትንቀሳቀስ ሆና ከዛለች፣ ብብቷ ሲለካ ከ37.5 በላይ ወይ ከ35.5 በታች ከሆነ፣ በደቂቃ 60 እና ከዛ በላይ እየተነፈሰች ከሆነ፣ ደረቷ ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ፣ ከንፈሯ ከጠቆረ፣ ካንቀጠቀጣት፣ መዳፏና ውስጥ እግሯ ቢጫ ከሆነ፣ ሆዷ ተነፍቶ አረንጓዴ ካስታወከች፣ ጠዋት እስኪነጋ የለም። ትንፋሿ አምስት አስር ሰከንድ ቆም ብሎ መቀጠሉ በእነሱ የተለመደ ነው፣ 20 ሰከንድ ከደረሰ ወይ ፊቷ ከተቀየረ ግን እግሯን ነካክተሽ አንቂያትና ወደ ሆስፒታል። ኪሎዋን በየሳምንቱ ጤና ጣቢያ አስለኪ፣ የጤና ኤክስቴንሽኗንም አስመዝግቢያት፣ ቤት ድረስ ትመጣለች።

ወረቀቱን መጨረሻ ያደረግኩት ትንሽ ነገር ስለሆነ አይደለም። በኛ አገር የጡት ልጅ፣ ማደጎ፣ በሽማግሌ ፊት ቃል ተገባብቶ ማሳደግ የቆየ ነው፣ ክቡርም ነው፣ ግን ባለቤትሽ ነገ ዓይኑን ቢከድን ወንድሞቹ መሬቱ ላይ «ይቺ የማን ናት» ሲሉ ሽማግሌው አይበቃትም። በፍርድ ቤት የጸደቀ ጉዲፈቻ ነው ሚያድናት፣ ያኔ በሕግ እንደ ወለዳችኋት ልጅ ትቆጠራለች ትወርሳለች፣ ከወለደቻት ጋር ያላትም ዝምድና አይቆረጥም። በፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ 213/1992፣ ጉዲፈቻ አድራጊ 25 ዓመት የሞላው መሆን አለበት፣ ባልና ሚስት ከሆኑ አብረው ነው፣ ስምምነቱም ፍርድ ቤት ካላጸደቀው አይጸናም፣ ክልላችንም የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው። ወረዳችሁ ሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት ሂዱና ምን ምን ማስረጃ እንደሚፈልጉ ጠይቁ፣ ወላጇ ራሷ ቀርባ ትናገራለች፣ ስለ አባትየውም ይጠየቃል፣ እውነቱን ተናገሩ፣ ሞቷል ምናምን እያላችሁ ታሪክ እንዳትፈጥሩ ኋላ ያፈርሰዋል። በሐሰት አንቺ እንደወለድሻት አድርጎ ማስመዝገብ ደግሞ አለ፣ ብዙ ሰው ቀላል መንገድ ይመስለዋል፣ ወንጀል ነው፣ ደሞ የመንደሩ ሰው ሁሉ ሚያውቀውን ነገር ከልጅቷ ልትደብቂ ነው፣ ከሌላ ሰው አፍ ትሰማዋለች። ከትንሽነቷ ጀምሮ እንደ ተረት እያደረግሽ ንገሪያት።

ከሁሉ በፊት ግን የልደት ምዝገባዋ በወላጇ ስም ይሠራ፣ ልደት በ90 ቀን ውስጥ ነው ሚመዘገበው፣ ከጥቅምት 12 ሲቆጠር ጥር 12 አካባቢ ያልቃል፣ የጥምቀት ማግስት ማለት ነው፣ በዓሉ ላይ ቀበሌ ሰው አይገኝም፣ ሆስፒታሉ የሰጣችሁን የልደት ማሳወቂያ ወረቀት ይዛችሁ በታኅሣሥ ጨርሱት።